«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ ከታቀፈች ዶሮ እስከ ከባድ ቃላት

ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው የቸኮለ ሰው ሲመከር ነው፤ «አይዞህ፣ ይደርሳል» እንደ ማለት። እንቁላል ግን እግር የለውም። በእግሩ የሚሄደው ጫጩቱ ነው፤ ምሳሌው መነሻውንና መድረሻውን በአንድ ስም ጠርቶ መሀል ያለውን ሥራ ለሰሚው ይተውለታል።

መሀል ያለው ሥራ 21 ቀን ይፈጃል። ዶሮ ስትታቀፍ ቅርፊቱ በመጀመሪያውም በ19ኛውም ቀን ያው ነው፣ ለውጡ ከውስጥ ነው። እሷም ዝም ብላ አልተኛችም። በየቀኑ ደጋግማ እንቁላሎቹን ታገላብጣለች፤ ካልተገላበጡ ሽሉ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ሊሞት ይችላል። እህልና ውሃ ለመቅመስ ለጥቂት ጊዜ ትነሣለች እንጂ ትታቸው አትጠፋም። «ቀስ በቀስ»ን ለስንፍና መሸፈኛ የሚያደርግ ሰው እንግዲህ ዶሮዋን አላያትም።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለማንበብ ጀምሮ በቃላቱ ክብደት ላቆመ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የለም። ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሌሊት 40 ቃል መልቀም ነው። በቀን 5 ይበቃል። መጀመሪያ ምዕራፉን ሳያቋርጡ ያንብቡ፣ ያልገባዎትን በእርሳስ ያስምሩ፤ ከዚያ ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከነዓረፍተ ነገሩ በካርድ ላይ ይጻፉ። መዝገበ ቃላት ከመግለጥዎ በፊት ግምትዎን ከጎኑ ያስፍሩ።

በአንድ ቃል የሚሰጥ ፍቺ ያታልላል። ርስት በዘር የሚወረስ የመሬት መብት ነው፤ ጉልት ደግሞ ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት። ሁለቱንም «መሬት» ብሎ ያለፈ አንባቢ በልቦለዱ ውስጥ ባለጉልቱ ፊታውራሪ መሸሻና ባላገሮቹ የተጋጩበትን ነገር በቅጡ አይረዳም። ብፅዓትም እንዲሁ ነው፦ «ስእለት» ቢሉት ስሕተት የለውም፣ ግን የዋናው ገፀ ባሕርይ የበዛብህ ወላጆች የተሳሉት ልጁን ራሱን ለቤተ ክርስቲያን ለመስጠት ነው። የፍቅሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነውና ይህን ቃል በችኮላ ማለፍ መጽሐፉን ማለፍ ነው።

ሥር መፈለግም ይለመዳል። ፊታውራሪ ሲፈታ ፊት እና አውራሪ ነው፣ ከጦሩ ፊት የሚሄድ። ርስት የሚመጣው ከወረሰ ነው፤ ስለዚህ በ1962 ዓ.ም. በወጣው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ«ረ» ብቻ የፈለገ ላያገኘው ይችላል። የፊደሉ ተራም አበገደ (አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ የሚሄድ) ስለሆነ ሀለሐመ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ግር ይላል። ሞክሼ ፊደላትንም (በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነውን) ልብ ይበሉ፤ በግእዝ መሀረ አስተማረ፣ መሐረ ይቅር አለ ነው።

ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማያሳይ («አለ» ተናገረም ኖረም ይሆናል) ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ልቦለዱን በሬዲዮ ያቀረበበትን ትረካ ከገጹ ጋር እያስተያዩ ማዳመጥ ብዙ ያግዛል። በተለይ በውጭ አገር ላደጉ ልጆች።

ከዚያ ማገላበጡ ይቀጥላል፦ ካርዱን በማግስቱ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን ያንሡ። ቃሉን ብቻ አይተው ዓረፍተ ነገሩን በራስዎ አፍ ይናገሩት። ካቃተዎት ካርዱ እንደገና ከመጀመሪያው ቀን ይነሣል።