«እኔን ማን ይፈልገኛል?» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

መገናኛ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ባትሪ እቀይራለሁ፣ ውሃ የገባበትን አደርቃለሁ። መምከር ሥራዬ አይደለም። ግን ሰው ስልኩን ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጥ አብሮ የሚያስቀምጣት አንዲት አባባል አለች፤ እሷን መስማት አንገፍግፎኛል። «እኔን ማን ይፈልገኛል? ምን አለኝና!» የጥበቃ ሠራተኛው ይላታል፣ የባንክ ሠራተኛዋ ትላታለች፣ ቤተሰቡ በሙሉ ዐረብ አገር ያለ ሰውዬም ይላታል። ስለዚህ እሷን ተቀምጬ እመልሳለሁ፤ ሌሎቹን እንደ አመጣጣቸው።

«እኔን ማን ይፈልገኛል?»

ልክ ናችሁ፣ እናንተን የሚፈልግ የለም። የሚፈለገው ስልካችሁ ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት መጡ። «ልጄ፣ ቴሌግራሙ አላስገባ አለኝ፤ ካርድ አልቆብኝ ይሆን?» አሉኝ። ካርድ አልነበረም ችግሩ። ከቀናት በፊት ከእህታቸው ልጅ አካውንት «አክስቴ፣ ኮድ በስህተት ወደ አንቺ ስልክ ልከውብኝ ነው፣ እባክሽ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ደርሷቸዋል። አምስቱን ቁጥር አንድ በአንድ እያዩ ጻፉላት። እሷ ግን አልነበረችም። የልጅቷ አካውንት ቀድሞ ተነጥቋል፤ የተነጠቀውም በዚሁ በ«ኮድ ላኪልኝ» ነው።

የገባው ሌባ ወዲያው ብር አልጠየቀም። መጀመሪያ አነበበ። የቴሌግራም ተራ ቻት የሚቀመጠው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ በሌላ ስልክ የገባ ሰው የዓመታት ወሬ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ሪያድ ያለችው ልጃቸው «እማዬ» እንደምትላቸው፣ እሳቸው «ሚሚዬ» እንደሚሏት፣ የግፊት መድኃኒቱን ማን እንደሚገዛ፣ ፋሲካ ሰሞን ሆስፒታል ተኝተው የተነሱትን ፎቶ፣ ሁሉንም አገኘ። ያንኑ ፎቶ መልሶ ሪያድ ላለችው ልጃቸው ላከና «ሚሚዬ፣ ዛሬም ብሶብኝ ገባሁ፤ ስልኬ ድምፅ አያወጣም፤ በነርሷ ሒሳብ ላኪልኝ» አላት። ላከች። ሰው ቤት እየሠራች ያጠራቀመችውን ላከች።

እኚህ ሴት በዕድሜያቸው የሚደበቅ ነገር ሠርተው አያውቁም። ሌባው የፈለገው ገመና አልነበረም፤ ልጃቸው የምታምነውን አነጋገር ነበር፤ እሱም ስልካቸው ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር።

እግረ መንገዴን ላስገባው፤ ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ወዲያው ማስወጣት አይችልም፣ አንድ ቀን ያህል መጠበቅ አለበት። በዚያ ቀን ቢመጡልኝ ኖሮ «ዲቫይስስ» የሚለው ውስጥ ገብቼ ሰውየውን አስወጣው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እሱ ባለቤት ሆኖ እሳቸውን አስወጥቷል። ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለውን ክፈቱ፣ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለው ላይ የራሳችሁን ፓስወርድ አስገቡ። ከዚያ በኋላ ኮዱ ብቻውን ለሌባ አይበቃውም። የእናታችሁንም ስልክ ተቀብላችሁ አድርጉላቸው፤ እሳቸው ፈልገው አያገኙትም።

አሁንም «የኔ መረጃ ትንሽ ነው» የሚል አለ። ትንሽነቱ አይደለም ቁም ነገሩ፣ መገጣጠሙ ነው። ላታንያ ስዊኒ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ባወጣችው ሥራ የትውልድ ቀን፣ ፆታና የፖስታ ኮድ ብቻ ቢኖር ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ ያህሉን ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አሳይታለች። ስም አልተጨመረበትም! እኛ ጋ ደግሞ ስሙ ራሱ እስከ አያት ይዘልቃል። የባንክ ሒሳብ ቁጥር አንዱ ግሩፕ ላይ ትለጥፋላችሁ፤ ማንም ሰው መተግበሪያው ላይ ሲያስገባው ሙሉ ስማችሁ ይወጣል። ስልክ ቁጥራችሁን ትሩኮለር፣ ማለትም የደዋዩን ስም የሚያወጣው መተግበሪያ ላይ ሲያስገባው ደግሞ ሰዎች ምን ብለው እንደመዘገቧችሁ ሊያይ ይችላል። አመዘጋገባችንን ታውቁታላችሁ፦ «ሰለሞን ጀነሬተር»፣ «ሠርኬ ዱባይ ዕቃ»፣ «ጋሽ ታዬ አያት ኮንዶ አከራይ»። ስም፣ ሥራና ሰፈር በአንድ መስመር አለቀ። ከዚያ «አቶ ታዬ፣ ከባንክ ነው፤ አያት ስላለው ቤትዎ…» ብሎ የሚደውል ሰው ሲመጣ «ሁሉንም ያውቃል እኮ!» እያላችሁ ትደነግጣላችሁ። የነገራችሁት እናንተ ናችሁ።

የዚህ አባባል ታናሽ ወንድም «የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚለው ነው። አንድ ደንበኛዬ በኩራት ሲናገር «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ተቆጣኝ።

«ለማስጠገን ፓተርን መስጠት ግዴታ ነው»

አይደለም። ይህን የሚጽፈው ጠጋኝ ነው፤ እመኑኝ። ስክሪን፣ ባትሪ፣ የቻርጅ ሶኬት ለመቀየር ስልኩ ውስጥ መግባት አያስፈልገኝም። መንካቱ መሥራቱን በተቆለፈው ስክሪን ላይ አየዋለሁ፤ ካሜራውም ሳይከፈት በአቋራጩ ይነሳል። ቀሪውን ስትመጡ እናንተው ከፍታችሁ አብረን እንሞክራለን። ግን ገና ሳልጠይቅ፣ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ቆሞ እያለ፣ ጮክ ብለው «ኤል ነው! ፓተርኑ ኤል ነው!» የሚሉኝ ብዛታቸው። ኤል፣ ዜድ፣ አንዳንዴ ኤም። ከሦስቱ አንዱን ሞክሬ የምከፍተው ስልክ ሞልቷል። ሞክሬ አላውቅም፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ እንደኔ ነው ብላችሁ አትመኑ። የአዳዲሶቹ ሳምሰንግ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ «ሜንቴናንስ ሞድ» አለ። እሱን ስታበሩት ጠጋኙ ስልኩን ይከፍታል፣ ፎቶና መልእክታችሁን ግን አያይም። የሚያውቀው ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

ደግሞ የተቆለፈውን ስልክ ሰጥታችሁ ፒኑን ሽፋኑ ውስጥ በወረቀት የምታስቀምጡ፣ ተዉ።

«አጥፍቼዋለሁ፣ የለም»

ሚሞሪ ካርድ ላይ ያጠፋችሁት ፎቶ አልጠፋም። ስልኩ ያደረገው ቦታውን «ባዶ ነው» ብሎ መመዝገብ ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በነፃ ሶፍትዌር ይመለሳል። የጠፋባቸውን የሠርግ ፎቶ የምመልስላቸው ሰዎች ሲመርቁኝ፣ ያው መንገድ የእነሱንም የሸጡትን ሚሞሪ እንደሚከፍት አይታያቸውም። ስልኩ ራሱ ግን ሌላ ነው። የቅርብ ዓመታት አንድሮይድና አይፎን ውስጣቸው የተመሰጠረ ስለሆነ ፋክተሪ ሪሴት ሲደረጉ፣ ማለትም እንደ አዲስ ሲጸዱ፣ ቁልፉ ይጠፋል፤ የቀረው ነገር የሚነበብ አይሆንም። ያገለገለ ስልክ ስትሸጡ አካውንታችሁን አውጡ፣ ሪሴት አድርጉ፣ ሚሞሪውን በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። 300 ብር ጨምሮ ከነሚሞሪው የሚገዛችሁን ሰው ለምን እንደጨመረ ጠይቁት።

«ስልኬ ያዳምጠኛል፤ ስለ ጫማ አውርቼ የጫማ ማስታወቂያ መጣ»

እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የኖርዝ ኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17,000 በላይ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ፈትሸው በድብቅ ድምፅ ቀድቶ የሚልክ አላገኙም። ስክሪናችሁን እየቀረጸ የሚልክ ግን አግኝተዋል። ማዳመጥ ምን ያደርግላቸዋል? የፈለጋችሁትን፣ ያያችሁትንና የት እንዳላችሁ እናንተው ፈቃድ ሰጥታችኋቸዋል። ባትሪ ማብሪያ መተግበሪያ ኮንታክት ልይ ሲላችሁ «አላው» ያላችሁት ማን አስገድዷችሁ ነው?

«ኢንኮግኒቶ ከከፈትኩ ማንም አያየኝም»

ኢንኮግኒቶ የከፈትካቸውን ገጾች ስልክህ ላይ እንዳይመዘገቡ የሚያደርግ የጎግል ክሮም መስኮት ነው። የማታይህ ሚስትህ ናት። ጎግል በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ተከስሶ በ2024 በስምምነት ሲጨርስ የሰበሰበውን መዝገብ ለማጥፋት ተስማምቷል። ሳይሰበሰብ የሚጠፋ ነገር የለም።

«ደውል ያሉኝን ኮድ መደወል ምን ያመጣል?»

ኮከብ ኮከብ 21 ኮከብ ብላችሁ ከዚያ የሰው ቁጥር ካስከተላችሁ፣ ጥሪያችሁ ሁሉ ወደዚያ ሰው ይዞራል፤ በጥሪ የሚነገር ማረጋገጫ ኮድም እንደዚሁ። አድርጋችሁት ከሆነ መሰላል መሰላል 002 መሰላል ብላችሁ ደውሉ፣ ይሰረዛል።

«ፎቶ ውስጥ አድራሻ አለ» እና «የለም»

ሁለቱም ወገን ግማሹን ይዟል። ሎኬሽን ከበራ ካሜራው ቦታውን ፎቶው ውስጥ ይጽፋል። የኮምፒውተር ቫይረስ መከላከያ ሠሪው ጆን ማካፊ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ከፖሊስ ተሸሽጎ ሳለ አብረውት የነበሩ ጋዜጠኞች በለጠፉት ፎቶ ጓቲማላ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩ ይህ ይራገፋል፤ እንደ ፋይል ስትልኩ ግን እንዳለ ይሄዳል። «ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ላክልኝ» ላላችሁ ሁሉ የቤታችሁን አድራሻ ጨምራችሁ ነበር የምትልኩት።

«ድምፁን አጥፍቶ የሚኖር የሚሸሽገው ነገር ቢኖር ነው»

ይህቺኛዋ ከመጀመሪያዋ ቀጥላ ታናድደኛለች፤ ምክንያቱም የእኛ ባሕል ተገልብጦ ነው የመጣችው። አያቴ የከብቶቿን ብዛት ለሰው አትናገርም ነበር። እርግዝና እስኪገፋ አይወራም፣ መንገድ የሚሄድ ሰው ሳይደርስ አይነገርለትም። የምትፈራው የሰው ዓይን ነበር። ምክንያቷን ተዉትና ልማዷን ያዙ፦ ያለህን አትቁጠርላቸው፣ የምትሄድበትን አስቀድመህ አትንገር። አሁን የልጅ ልጆቿ የመኪና ቁልፍ፣ የካርታ ወረቀት፣ የቪዛ ገጽ እየለጠፍን ከሥሩ «ክብር ለመድኃኔዓለም» እንጽፋለን። ክብሩን ሰሌዳ ቁጥሩ ሳይታይም ይቀበላል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ፓሪስ ውስጥ ኪም ካርዳሺያን በሽጉጥ ስትዘረፍ ሌቦቹ ጌጦቿን ያዩት እሷው ከለጠፈችው ነበር። እሷ ያኔም ጠባቂ የምትቀጥር ሰው ናት፤ የእናንተ ጠባቂ ግቢው በር ላይ የሚያንቀላፉት አባባ ናቸው። ጉዞ ላይ ደግሞ ቦርዲንግ ፓስ መለጠፍ የሚባል በሽታ አለ፤ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዱባይ ወይም ቤይሩት የምትሄድ ልጅ ያለ እሱ አትሳፈርም። የቀድሞው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ኢንስታግራም ላይ የቦርዲንግ ፓሱን ፎቶ ለጠፈ። አንድ ወጣት እዚያ ላይ ባለው የቲኬት ማስያዣ ቁጥር ገብቶ የፓስፖርት ቁጥሩንና ስልኩን አገኘ። ልጁ ደግ ሆኖ አሳወቀ። ማስያዣ ቁጥሩን ይዞ ቲኬታችሁን የሚሰርዝ ግን አይደውልላችሁም።

ለጥፉ፣ አልከለከልኩም። ተመልሳችሁ ስትገቡ ለጥፉ። ልጆቻችሁንም ትምህርት ቤቱ ስሙ ከተጻፈበት ዩኒፎርም ጋር አታቁሟቸው።

«አሁን ሕግ ወጥቷል፣ ተጠብቀናል»

ሕግ አለ፤ ያውም አዲስ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ይደነግጋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃችሁን የሚሰበስብ ድርጅት ለምን እንደሚሰበስብ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሕንፃ በር ላይ መታወቂያችሁን ከነአድራሻው ደብተር ላይ የሚገለብጠውን ልጅም ጠይቁት፤ ደብተሩ ማታ የት እንደሚያድር እሱም አያውቅም። ፋይዳ ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ፓስወርድ ቢሰረቅ ይቀየራል፣ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ግን አይቀየርም፤ የመታወቂያችሁን ፎቶ «ሥራ አለ» ላላችሁ ሁሉ በቴሌግራም አትበትኑት።

ሕጉ የማይደርስበት ቦታም አለ። አክስቴ የወንድሜን ሽምግልና ከሳሎን ቲክቶክ ላይ በቀጥታ ስታስተላልፍ ማንም ባለሥልጣን መጥቶ አላስቆማትም። ሽማግሌዎቹ ጥሎሹን ሲነጋገሩ እኔው ነኝ ተነስቼ «እትዬ፣ በእናትሽ አጥፊው» ያልኳት።