«ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የገባ ቫይረስ አይወጣም» ለምትሉ

ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከቢሮ ሠራተኞችም የምሰማው ይህ የርዕሱ አባባል አንገሽግሾኛል። ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልጨርስና ወደ እሱ እመጣለሁ።

ለማያውቀው፣ ቨርቹዋል ማሽን ማለት ኮምፒውተራችሁ ላይ እንደ ፕሮግራም የሚከፈት ሌላ ኮምፒውተር ነው። ዊንዶውሳችሁን ሳትዘጉ ኡቡንቱን (አንድ የሊኑክስ ዓይነት፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሲስተም) በአንድ መስኮት ታስነሳላችሁ።

«ዊንዶውሴን ያጠፋብኛል።» አያጠፋም። የቨርቹዋል ማሽኑ ሀርድ ዲስክ እናንተ ዲስክ ላይ የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ሲበቃችሁ ትሰርዙታላችሁ።

«ክራክ ካልተደረገ በነፃ አይገኝም።» ሐሰት። ቨርቹዋል ማሽን ከሚሠራባቸው ፕሮግራሞች አንዱ የሆነው የቨርቹዋልቦክስ ዋናው ክፍል ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ነው። ሌላው ፕሮግራም ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮም በ2024 ነፃ ሆኗል። ውስጡ የምትጭኑት ዊንዶውስ ግን የራሱን ላይሰንስ ይፈልጋል።

«ላፕቶፔ አይችልም።» ማሽኑን ስትፈጥሩ 64 ቢት የሚለው ምርጫ ካልመጣላችሁ መጀመሪያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብታችሁ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለው መብራቱን እዩ። አንድ ደንበኛዬን «ሽጠውና ሌላ ግዛ» ብለውት ነበር፤ ባዮሱን ከፍቼ አንድ መስመር ቀየርኩ፣ አለቀ። 4 ጊጋ ራም ላይ ቀለል ያለ ሊኑክስ ይሄዳል። ዊንዶውስ 10 ላይ ሌላ ዊንዶውስ 10 ግን አትሞክሩ።

አሁን ወደ ቫይረሱ። አባባሉ ከመሬት አልተነሳም። ቨርቹዋል ማሽን በእርግጥ የታጠረ ነው፤ ተራ ቫይረስ አጥሩን ሰብሮ አይወጣም። ችግሩ በሩን የምንከፍትለት እኛው መሆናችን ነው።

የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ የተቃረበች ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ማተሚያ ቤት የዋለ ፍላሽ ቨርቹዋል ማሽኗ ውስጥ ከፍታለች። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ነበር፤ አንዱን ሁለቴ ነካችው። ፋይል ማመላለስ እንዲቀላት ደግሞ የላፕቶፗን ዲ ድራይቭ በሙሉ ለቨርቹዋል ማሽኑ ሼር አድርጋው ነበር። ራንሰምዌሩ (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ) ዲ ድራይቭን እንደ ራሱ ዲስክ አገኘው። ምዕራፎቹ፣ መጠይቆቹ፣ አማካሪዋ ያረሙት ኮፒ፣ ሁሉም ስማቸው ጫፍ ላይ የማይታወቅ ፊደል ተቀጥሎባቸው አይከፈቱም። «ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ እኮ ነው የከፈትኩት ጋሼ» እያለች አለቀሰች። «አብሽሪ» አልኳት እንጂ እኔም ሆዴ ተላውሷል። የተረፈው በኢሜይል ልካው የነበረ አሮጌ ኮፒ ብቻ ነው።

«ስናፕሾት ስላለኝ እመልሰዋለሁ» የሚሉም አሉ። ስናፕሾት ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ ይይዛል፤ የሚመልሰው ግን የቨርቹዋል ማሽኑን ዲስክ ነው። ሼር ያደረጋችሁት ፎልደር የእውነተኛው ኮምፒውተራችሁ ስለሆነ አይነካውም። ባክአፕም አይደለም፤ ሀርድ ዲስኩ ከሞተ ስናፕሾቱም አብሮ ይሞታል።

ስለዚህ የምትጠራጠሩትን ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት ሼርድ ፎልደሩን አጥፉ። የግድ ካስፈለገ አንድ ባዶ ፎልደር ብቻ ስጡት፣ እሱንም ለማንበብ ብቻ አድርጉት። የጋራ ክሊፕቦርዱን (ኮፒ ያደረጋችሁትን በሁለቱ መካከል የሚያሻግረውን) ዝጉ። ኔትወርኩን ንቀሉ፤ በተለይ ቢሮ ውስጥ ብሪጅድ በሚባለው የኔትወርክ ምርጫ ላይ ከሆነ ቨርቹዋል ማሽኑ ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ጋር እኩል ኔትወርኩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ፍላሽም ስትሰኩት መጀመሪያ የሚያየው እውነተኛው ዊንዶውሳችሁ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ላይ የዩኤስቢ ፊልተር (ፍላሹን ወደ ማሽኑ የሚመራ ማስተካከያ) ቀድማችሁ ሥሩ፣ ማሽኑን አስነሱ፣ ከዚያ ሰኩት፤ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። ስናፕሾት ያዙ፣ ክፈቱ፣ እዩ፣ ማሽኑን ወደ ስናፕሾቱ መልሱ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ ነቅላችሁ አስቀምጡ። ለማተሚያ ቤቱም ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላኩላቸው፤ ፍላሹ ቤት ይቅር።