«አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌ) ካስታረቀ ክሱ ተዘጋ» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

«በዋስ ወጣ ማለት ነፃ ወጣ ማለት ነው።»
አይደለም። ክሱም ቀጠሮውም እንዳለ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ስለሚል ውጭ ሆኖ ይከራከራል፤ ያ ብቻ ነው።

«ለተጠርጣሪ መብት የሚጨነቅ ሥርዓት ለወንጀለኛ ያደላል።»
አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ኸርበርት ፓከር እ.ኤ.አ. በ1964 የወንጀል ፍትሕን በሁለት ሞዴሎች አሳይቷል። አንዱ ወንጀል መቆጣጠርን ያስቀድማል፤ የፖሊስን ማጣራት ያምናል፣ ፍጥነት ይፈልጋል። ሌላው ማስረጃው በየደረጃው ይፈተሽ ይላል። የሚለያቸው የሚፈሩት ስሕተት ነው፦ የመጀመሪያው ጥፋተኛ እንዳያመልጥ ይሰጋል፣ ሁለተኛው ንፁህ ሰው እንዳይፈረድበት። ንፁሁ ሲታሰር ደግሞ እውነተኛው ሌባ ባቲ ገበያ ውስጥ እንደልቡ ይዞራል። የድሮው የሌባ ማውጫ ልማድ፣ አውጫጭኝ፣ አገሬውን ሰብስቦ ሌባው እስኪነገር አላሰናብትም ሲል የትኛውን ስሕተት ይፈራ እንደነበር ግልጽ ነው።

«አገር ከሁለቱ ሞዴሎች አንዱን ይመርጣል።»
ፓከርም እንዲህ አላለም። ሕገ መንግሥታችን የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለፖሊስ ምርመራ ተጠርጣሪው ታስሮ የሚቆይበት እስከ 14 ቀን የሚደርስ ጊዜ ቀጠሮ ፈቅዷል፣ ያውም የሚደጋገም። ሁለቱም ሞዴሎች እኛ ዘንድ ጎን ለጎን አሉ።

«አበጋር ካስታረቀ ክሱ ይዘጋል።»
ወሎ ውስጥ በብዛት የሚያከራክረው ይሄ ነው። ነፍስ ጠፍቶ አበጋሮች ደም ለማድረቅ ሲገቡ የሚያሳስባቸው ነገ የሚፈሰው ደም ነው። ዱዓ ይደረጋል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ የሟች ወገን በቀሉን ይተዋል። ዐቃቤ ሕግ ግን በመንግሥት ስም ስለሚከስ በነፍስ ግድያ እርቁ አያስቆመውም። በግል አቤቱታ የሚታይ ቀላል ስድብ ቢሆን ተበዳዩ ሊተወው ይችላል። እርቁ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትና ጉዳትን መካስ ቅጣት ያቀልላል። ደግሞም ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል እንጂ ሁለቱን ቤተሰብ አያስታርቅም፤ እስሩን ጨርሶ ሲመለስ ቂሙ ቢጠብቀውስ?

«ሽምግልና ሁልጊዜ ከፍርድ ቤት ይሻላል።»
ለደም፣ ከፍርድ ቤቱ ጎን ለጎን ቢሄድ እሰየው። ልጅ ተጠልፋ ሽማግሌ «በቃ ያግባት» ሲል ግን እኔ ከፍርድ ቤቱ ጋር ነኝ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያገባትን ጠላፊ ይምር ነበር፤ የ1996ቱ ግን ጋብቻው ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደንግጓል።