የባሕር ዓሣ በቀን ስንት ጊዜ ይመገባል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤቱ ውስጥ የጨው ውኃ አኳሪየም የተከለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ይህ ነው፦ «በቀን አንዴ ስጥ፣ ቢበዛ ሁለቴ፤ ከዚያ ካለፈ ውኃው ይበላሻል።» መካሪው ገንዳው ውስጥ ያለው ዓሣ ምን እንደሆነ እንኳ አይጠይቅም። ውጤቱም ውኃቸው የጠራ፣ ዓሦቻቸው ግን ሆዳቸው ወደ ውስጥ የገባ ገንዳዎች ናቸው።

«ብዙ ጊዜ መመገብ ውኃውን ያበላሻል»

ይህ አባባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል፤ ከሁሉም በላይ ዓሣ የሚገድለውም እሱ ነው። ውኃውን የሚያበላሸው በቀኑ ውስጥ የገባው ምግብ ጠቅላላ መጠን ነው። የተበላውም ሆነ የተረፈው ምግብ ናይትሮጅኑ አብዛኛው አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውን ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ምግቡ ውስጥ የነበረው ፎስፈረስም ፎስፌት ሆኖ ይከማቻል። አንድ ኪዩብ የቀዘቀዘ ማይሲስ (ሽሪምፕ መሰል ትንንሽ የውኃ እንስሳ) 3 ግራም ገደማ ይመዝናል። ኪዩቡን ጠዋት ሙሉውን ብታስገቡት፣ ወይም ለአራት ከፍላችሁ እስከ ማታ ብታዳርሱት፣ የገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያው ነው።

እንዲያውም ከፋፍሎ መስጠት ውኃውን ያግዛል። በአንዴ የተደፋ ምግብ ሳይበላ ድንጋይ ሥር ይገባል፣ ወይም በመውረጃው በኩል ማጣሪያው ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል፤ አሞኒያውም ባንድ ጊዜ ከፍ ይላል። የባሕር ውኃ ፒኤች 8.2 አካባቢ ስለሆነ ደግሞ መርዛማው የአሞኒያ ዓይነት የሚይዘው ድርሻ ጨው አልባ ከሆነ ገንዳ ይልቅ ይበዛል። ናይትሬት ሲጨምር እንግዲህ የሚቀነሰው መጠኑ ነው፤ የጊዜው ብዛት አይነካም።

ጊዜውን መቀነስ ምን እንደሚያስከትል በአንቲያስ ላይ ይታያል። አንቲያስ በባሕር ውስጥ ፊቱን ወደ ውኃው ፍሰት አዙሮ የሚያልፈውን ፕላንክተን (በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ሕያዋን) አንድ በአንድ ሲለቅም የሚውል ዓሣ ነው። ሲዋኝ ስለሚውል የሚያቃጥለው ብዙ ነው፤ ባንዴ በልቶ ለነገ የሚያስቀምጠው ግን ጥቂት። በቀን አንዴ ሲሰጠው መጀመሪያ ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው የጀርባ ሥጋ ይሳሳል፣ ከዚያ ሆዱ ይጎደጉዳል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ በመጨረሻ ምግብ ሲመጣም ከድንጋይ ሥር መውጣት ያቆማል። ባለቤቱ ውኃውን ይለካል፣ ሁሉም ደኅና ነው። «በሽታ ነው» ብሎ መድኃኒት ይገዛል። ዓሣው ግን የሞተው በረሃብ ነው። ለአንቲያስ በቀን 3 ጊዜ ዝቅተኛው ነው፤ ለትናንሾቹ 4 ወይም 5 ይሻላል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። 300 ሊትር ገንዳ ውስጥ ሁለት ክላውንፊሽና ሦስት አንቲያስ ካሉ በቀን ከአንድ ኪዩብ ጀምሩ፤ ከዚያ የዓሦቹን ሆድ እያያችሁ ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ጠዋት ኪዩቡን ከገንዳው በተቀዳ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አሟሙት፣ በቀጭን ወንፊት አጥልሉትና ለሦስት ክፈሉት። አንዱን ስጡ፤ ሁለቱን በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩ። በዚያው ቀን ይለቅ፤ አንዴ የቀለጠ ምግብ ተመልሶ ማቀዝቀዣ አይገባም። ቀን ቤት የሚውል ሰው ከሌለ የእኩለ ቀኑን ድርሻ አውቶማቲክ መጋቢ 1 ሚሊሜትር በሆነ ፔሌት (ደረቅ የምግብ እንክብል) ይሸፍነው። መጋቢውን ውኃው ከሚፈልቅበት ቦታ አርቃችሁ ስቀሉት፤ እርጥበት ፔሌቱን ያጣብቀውና መውጫውን ይደፍነዋል።

ስትመግቡ ወደ ገንዳው ውኃ የሚመልሰውን ፓምፕ ለ10 ደቂቃ አጥፉት፤ ውኃውን የሚያንቀሳቅሱት ፓምፖች ግን ዝቅ ብለው ይሥሩ፣ አንቲያስ ምግቡን ፍሰት ላይ ካላገኘው አይለቅምምና። ውኃ የሚመልሰው ፓምፕ ሲቆም ከገንዳው በታች ያለው የማጣሪያ ታንክ ውኃ ከፍ ስለሚል ፕሮቲን ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚለየው መሣሪያ) ሞልቶ ይፈሳል፤ አብራችሁ አጥፉት። ሁለቱንም የምታበሩት በሰዓት ቆጣሪ ይሁን። በማስታወስ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ይረሳል፤ የጨው ውኃ በተመሳሳይ ሙቀት ከጨው አልባው ያነሰ ኦክስጅን ስለሚይዝ ዓሣ በበዛበት ገንዳ መርሳቱ አደጋ አለው።

«ለሁሉም ዓሣ የሚሆን አንድ ቁጥር አለ»

የለም። ክላውንፊሽና ዳምሰል በቀን ሁለቴ በጥቂቱ ቢሰጣቸው ይበቃቸዋል። የቀይ ባሕሩን ሐምራዊ ታንግ ጨምሮ ታንጎች እንደ ፍየል ሲለቃቅሙ ይውላሉ፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚወረወር ማይሲስ አይሆናቸውም። 5 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ ኖሪ (የደረቀ የባሕር አረም ቅጠል) በመያዣ ቆንጥጣችሁ ጠዋት መስተዋቱ ላይ ለጥፉላቸው፤ ዘይት፣ ጨውና ሰሊጥ የሌለበት ይሁን። ማታ የተረፈውን አውጡ።

ላየንፊሽ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አድፍጦ የሚያድን ዓሣ ስለሆነ የደረሰው በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃዋል፤ በየቀኑ የሚጎረስ ላየንፊሽ ጉበቱ በስብ ይሞላል። ወርቅማ ዓሣ ገዝቶ መስጠትም መቆም ያለበት ልማድ ነው፦ በውስጡ ያለው ታያሚኔዝ የተባለ ኢንዛይም ቫይታሚን ቢ1ን ያፈርሳል፣ የስቡም ዓይነት ለባሕር ዓሣ የሚስማማ አይደለም። የቀለጠ ሽሪምፕና ሙሉ የባሕር ዓሣ እያቀያየራችሁ ስጡት።

ማንዳሪን የሚባለውን ዓሣ በሚመለከት ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ድንጋይ ላይ የሚርመሰመሱትን ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ የውኃ እንስሳት ቀኑን ሙሉ እየለቀመ ይኖራል፤ ብዙዎቹ የተዘጋጀ ምግብ አይነኩም። ገንዳው ገና ወራት ያስቆጠረና ድንጋዩ ጥቂት ከሆነ አትግዙት።

«የዓሣ ሆድ የዓይኑን ያህል ነው»

ራስ (በእንግሊዝኛ wrasse) የሚባሉት የባሕር ዓሦች ጨጓራ የሚባል ነገር ጭራሽ የላቸውም፤ የባሕር ፈረስም እንዲሁ። የበሉት በቀጥታ አንጀት ስለሚገባ በጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ መመገብ ነው የሚበጃቸው። የዓይን መለኪያውን ተዉት።

«በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ስጥ»

ጉልበተኛ ዳምሰል በሁለት ደቂቃ የሦስት ዓሣ ድርሻ ይውጣል፤ ዓይን አፋሩ ጎቢ ገና ከጉድጓዱ አልወጣም። ምግቡን በሁለት ጥግ ስጡ፤ ለደካማው በረጅም ፒፔት አድርሱለት።

«መስተዋቱ ላይ ተሰብስበው ከመጡ ርቧቸዋል»

ሰው ሲያዩ ምግብ እንደሚመጣ ተምረዋል፤ ያ ብቻ ነው። ረሃብን የሚያሳየው ሆዱና ጀርባው ነው።

«አርቴሚያ (ትንሽ የጨው ውኃ ሽሪምፕ) ካለ ሌላ አያስፈልግም»

ሲበሉት ደስ ይላል፤ በቅባት አሲድ ያልዳበረ ትልቅ አርቴሚያ ግን አብዛኛው ውኃ ነው።

«በሳምንት አንድ ቀን ማስጾም ግድ ነው»

ለጤነኛ ክላውንፊሽ አይጎዳም፣ ግድም አይደለም። ለአንቲያስ ጉዳት ነው።

«ለጉዞ ስንወጣ የሚሟሟ የምግብ ድንጋይ እንተዋለን»

አብዛኛው እንዲህ ያለ ድንጋይ ጨው ለሌለበት ገንዳ የተሠራ ነው፤ ለባሕር ገንዳ አትመኑበት። ለሦስት ቀን ጉዞ ከሆነ የደረሱ ክላውንፊሾች ሳይበሉ ይቆያሉ። ከዚያ ለረዘመ፣ ወይም አንቲያስ ካለ፣ መጋቢውን ከመሄዳችሁ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ አስጀምሩትና አንድ ዙር ስንት ፔሌት እንደሚጥል ወረቀት ላይ አስጥላችሁ ቁጠሩ። ቤት የሚጠብቅላችሁ ጎረቤት ካለ የምግቡን ጣሳ ለእሱ አትስጡት፤ የእያንዳንዱን ቀን ድርሻ ለየብቻ መጥናችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁበት አስቀምጡለት፣ ቀሪውን ምግብ ደብቁት።