ስለ ሞተር ሳይክል ካቴና የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሞተር ሳይክል ካቴናን በቤት ለመንከባከብ ነጭ ጋዝ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ የማርሽ ዘይት፣ ማስመሪያና የጎማ መፍቻ ይበቃሉ። ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቸግረው ከሞተረኛ ወደ ሞተረኛ ሲተላለፍ የኖረው ምክር ነው።

«ዘይትና ግራሶ በበዛ ቁጥር ካቴና ይቆያል» ይባላል። ካቴናን በዋናነት የሚበላው ሰበቃ ያለው ግን በሚታየው ገጽ ላይ ሳይሆን በየመጋጠሚያው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከላይ የተለሰነ ግራሶ ውስጥ ሳይደርስ አሸዋና አቧራ ሰብስቦ ጥርሶቹን፣ ማለትም ካቴናው የሚዞርባቸውን የፊትና የኋላ ባለ ጥርስ ክብ ብረቶች፣ ይሞርዳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትማ የብረት ብናኝና ጥቀርሻ ይዞ ስለሚመጣ ባይነካው ይሻላል። የሚበጀው ከጉዞ መልስ፣ ካቴናው ሞቅ እንዳለ፣ በታችኛው መስመር ከውስጥ በኩል የማርሽ ዘይት በስሱ ጠብ አድርጎ፣ እስኪሰርግ ጠብቆ ትርፉን መጥረግ ነው።

«ቤንዚን ጥሩ አድርጎ ያጸዳል» የሚለው ከፊል እውነት ቢኖረውም አደጋው ያመዝናል። ከእሳት አደጋው ባሻገር፣ በካቴናው የጎን ብረቶች መካከል ቀጫጭን ጥቁር የጎሚኒ (የላስቲክ) ቀለበቶች ከታዩ፣ እነዚህ በፋብሪካ የተሞላውን ግራሶ አፍነው የሚይዙ በመሆናቸው ቤንዚን ሲያበላሻቸው ግራሶው ወጥቶ ውሃና አቧራ ይተካዋል። ነጭ ጋዝ ይበቃል፤ የሽቦ ብሩሽም አያስፈልግም።

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያስከትለው «ጠበቅ ያለ ካቴና ይሻላል» የሚለው ነው። የኋላ ጎማው መንገዱን ተከትሎ ከፍ ዝቅ ሲል በፊተኛውና በኋለኛው ጥርስ መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል፤ በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይም ሰው ወይም ጭነት ተጭኖ ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ካቴናው ይበልጥ ይወጠራል። ቆሞ ሳለ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ካቴና ሁለት ሰው ጭኖ ጉድጓድ ሲገባ ኃይሉን ወደ ማርሽ ሳጥኑ ዘንግና ወደ ጎማው ኩሽኔታ ያሳርፋል፤ የእነዚህ ጥገና ደግሞ ከካቴናው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በታችኛው መስመር መሃል በጣት ከፍና ዝቅ ሲደረግ የሚኖረው ልቅነት በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሆኖም የሞተሩ መመሪያ የሚለው ይቀድማል። ካቴና በሁሉም ቦታ እኩል ስለማያልቅ ጎማውን በእጅ እያዞሩ በጣም የጠበቀበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ ላይ መለካት ይገባል። ከተስተካከለ በኋላ በጎማው ግራና ቀኝ ያሉት የማስተካከያ ምልክቶች እኩል መሆናቸውን፣ የጎማው ዳዶ በደንብ መጥበቁንና የኋላ ፍሬኑ ልክ መሆኑን ማየት የግድ ነው፤ ጎማው ወደ ኋላ ሲሳብ የከበሮ ፍሬን ልቅነትም ይለወጣልና።

«ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ ማስገባት ማጽዳቱን ያፋጥናል» የሚሉም አሉ። ጨርቁን ካቴናው ከያዘው ጣትም አብሮ ይገባል። ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሹ ይውጣ፣ ጎማው በእጅ ይዙር።

«የረገበ ካቴና ማጥበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው» የሚለውም ልክ የሚሆነው እስከ ተወሰነ ደረጃ ነው። ካቴና የሚረዝመው መጋጠሚያዎቹ ውስጥ ውስጡን ስለሚበሉ ነው፤ የተበላውን ደግሞ ማጥበቅ አይመልሰውም። በኋለኛው ጥርስ ጀርባ ካቴናውን ወደ ውጭ ሲስቡት የአንዱ ሹል ግማሽ ያህል ከታየ፣ ወይም ሹሎቹ እንደ መንጠቆ ከጎበጡ፣ ካቴናውን ከፊተኛውና ከኋለኛው ጥርስ ጋር አንድ ላይ መቀየር ይሻላል፤ በአሮጌ ጥርስ ላይ የገባ አዲስ ካቴና ቶሎ ያልቃል። ሲገጠምም፣ መጋጠሚያው ቅንጥብ (ክሊፕ) ያለው ከሆነ፣ የቅንጥቡ ድፍን ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት።