ቡኒ ሁሉ በቅርፊት የለፋ አይደለም

ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል ቀበቶና ቦርሳ እሰፋለሁ። ሳልሰማት የማልውላት ጥያቄ አለች፦ «ይሄ ቆዳ ቡኒ ስለሆነ በዛፍ ቅርፊት የለፋ ነው አይደል?» ኧረ በፈጠራችሁ!

ቅርፊት ቀለም አይደለም። ሥራውን የሚሠራው ውስጡ ያለው ታኒን ነው። ጠንከር ያለ ሻይ ስትጠጡ አፋችሁን ድርቅ የሚያደርገው ዘመዱ ነው። ከጥሬው ቆዳ ፕሮቲን ጋር ይያያዝና እንዳይበሰብስ ያደርገዋል። ቡኒነቱ ምርቃት ነው።

ደግሞ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው ክሮም በሚባል የማዕድን ጨው ነው። ክሮም ቆዳውን አመድማ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ቡኒውም ቀዩም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቀለም ነው። ባለፈው አንድ ልጅ «ኦሪጅናል የቅርፊት ነው» ተብሎ የገዛውን ቀበቶ ላሳጥርለት አመጣ። ጫፉን ቆርጬ አሳየሁት። ላዩ ቡኒ፣ መሃሉ ሰማያዊ። «ተሸወድኩ በለኛ!» አለ። ቀለሙ እስከ ውስጥ ከዘለቀ ግን በዓይን አይለይም። ያኔ ቁራጩን አርሳችሁ የብረት ምስማር አሳድሩበት፤ ታኒን ካለው ይጠቁራል። ይህም ቢሆን ሙሉ ማስረጃ አይደለም። በክሮም ለፍቶ ሚሞዛ በሚባል ዛፍ ቅርፊት የሚደገም ቆዳ አለ፤ ግማሽ እውነት የሚሸጥልን በዚህ ነው።

ሚሞዛ የኛ ግራር ነው? አይደለም። አገሩ አውስትራሊያ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ በሰፊው ይለማል። ከአዊ ከሰል ሆኖ የሚመጣልን የዲከረንስ ዛፍ የቅርብ ዘመዱ ነው።

ዛፉ ቢላጥ መልሶ ያበቅላል? ዙሪያውን ከተላጠ ይደርቃል። ሚሞዛ መጀመሪያ ይቆረጣል፣ እርጥብ ሳለ ይላጣል።

ታኒን ከቅርፊት ብቻ? የደቡብ አሜሪካው ኬብራቾ የሚባል ዛፍ ታኒኑ የሚወጣው ከግንዱ እንጨት ነው። በአገራችን ገጠር ደግሞ በእምቧይ ፍሬ ያለፋሉ።

ብራናስ? ብራና ጭራሽ አይለፋም። ተወጥሮ፣ ተፍቆ የደረቀ ነው።

«የቅርፊት ቆዳ ውኃ አይበግረውም» የሚሉትን ግን ተዉኝ። ውኃ ቶሎ ይጠጣል፤ እርጥብ ሆኖ ሙቀት ካገኘው ከክሮሙ ቀድሞ ይኮማተራል። ክረምት ቦርሳችሁ ከራሰባችሁ ጋዜጣ ጠቅጥቁበትና ጥላ ውስጥ ተዉት፤ ሲደርቅ ትንሽ ቅባት ቀቡት። አንዷ ደንበኛዬ ሐምሌ ላይ የራሰ ቦርሳዋን ከሰል ምድጃ ጥግ አሳደረችው። ጠዋት ይዛው ስትመጣ ቋንጣ ሆኗል። «ትዘረጋልኛለህ?» አለችኝ።