ፕሮቲንን በሚዛን፦ የማስ ስፔክትሮሜትሪ ሙያ

ማስ ስፔክትሮሜትር በአጭሩ ሚዛን ነው፤ የሚመዝነው ግን ሞለኪውል ነው። ሞለኪውሉን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያሸክመዋል። አየሩ በፓምፕ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ ይለቀዋል። ከእንቅስቃሴው ተነስቶ ክብደቱን ለቻርጁ አካፍሎ ይነግረናል። በዚህ መሣሪያ በደም፣ በሴል ወይም በዕጢ ናሙና ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን በጅምላ መለየትና መለካት ፕሮቲዮሚክስ ይባላል።

መሣሪያው ዕድሜ ጠገብ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ አስተን የእሱን የሠራው በ1919 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ፕሮቲን ግን ለረጅም ጊዜ አልቀመስ አለ። ግዙፍ ነው፤ ለማትነን ሲሞከር ይበጣጠሳል። መላ የተገኘለት በ1980ዎቹ ነው። ለዚህም ጆን ፌንና ኮይቺ ታናካ ከ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፋዮች ሆነዋል። ታናካ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያለው የኩባንያ መሐንዲስ ነበር። በስህተት ግሊሰሪንና የኮባልት ዱቄት ቀላቀለ፤ ከሚደፋው ብሎ ሞከረው፤ ሠራለት! እርግጥ ዛሬ የራሱን የምርምር ቡድን መምራት የሚፈልግ ሰው ዶክትሬት ሳይይዝ ብዙ አይራመድም። መሣሪያ ለማንቀሳቀስና ናሙና ለማዘጋጀት ግን በኬሚስትሪ ወይም በባዮሎጂ ዲግሪ የሚገባ ብዙ ነው።

ከውጭ ሲታይ ሥራው ሁሉ የማሽኑ ይመስላል። ልፋቱ ያለው ግን ከማሽኑ በፊት ነው። ፕሮቲኑ ከናሙናው ይወጣል፤ ትሪፕሲን በሚባል ኢንዛይም ላይሲንና አርጂኒን የሚባሉት አሚኖ አሲዶች ካሉበት ቦታ ቀጥሎ ይቆረጣል። ቁርጥራጮቹ እንደ ፀጉር በቀጠነ ቱቦ አልፈው ወደ መሣሪያው ይረጫሉ። እዚህ ላይ የጀማሪ ሁሉ ጠላት ኬራቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ከቆዳ፣ ከፀጉር፣ ከሱፍ ሹራብ ሳይቀር ይረግፋል። ጓንት ያላደረገ ሰው የሳምንት ልፋቱን ይጨርስና ስክሪኑ ላይ የራሱን ቆዳ ያገኛል።

ደም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከፕላዝማ (ከደሙ ፈሳሽ ክፍል) ፕሮቲን ግማሽ ያህሉ አልቡሚን ብቻ ነው። የካንሰር ምልክት ይሆናል የተባለው ፕሮቲን በቢሊዮን እጥፍ ሊያንስ ይችላል። ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ምልክቶች ከጽሑፍ አልፈው ሐኪም ቤት ያልደረሱት በከፊል በዚህ ነው ባይ ነኝ።

ከዚያ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ ይመጣል። ፕሮቲኖቹን የሚለየው ፕሮግራም ያገኘውን ሁሉ ማመን አይቻልም፤ የተለመደው ገደብ የሐሰት ግኝት ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። ስታቲስቲክስና ፕሮግራሚንግ የሚችል ሰው ተፈላጊ የሆነውም ለዚህ ነው።

የሥራ ቦታው ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም። መድኃኒት አምራቾች አሉ፤ የሆስፒታል ላቦራቶሪዎችም ባክቴሪያን በደቂቃዎች የሚለዩት በዚሁ መሣሪያ ነው። ብቻ ዓርብ ማታ ናሙና ደርድሮ የሄደ ሰው ሰኞ ጠዋት መርጫዋ መርፌ ተደፍና ሊያገኛት ይችላል። ያኔ ማጉያ መነጽርና ትዕግሥት ይዞ ከመቀመጥ ውጪ ምርጫ የለውም።